የንግሥት ጉልበት

ጋሽ ሜትር ፍየል ሲለካ ያላየ ሰው ስለ ቁም ነገር ባያወራ ይሻላል። መጀመሪያ መነጽሩን ይወለውላል። ቀጥሎ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትር ያወርድና በሁለት ጣቱ ሳብ ሳብ አድርጎ ያቃናዋል። ከዚያ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ የገዛ ጉልበቱ መታመም ከጀመረ ቆይቷልና ሲቀመጥም ሲነሳም ማቃሰቱ አይቀርም። ሜትሩ የፍየሏ የፊት ጉልበት ላይ ሲጠመጠም ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጋሽ ሜትር "ንጹሕ" ይላል። ዝቅ ካለ ግን ምንም አይልም፤ ሜትሩን ጠቅልሎ አንገቱ ላይ ይመልስና ቀጣዩን ይጠራል። የፍየሏ ባለቤትም ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ውልቅ ይላል።

ዕድሜውን ሁሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። አሁንም ድረስ ሰው ሲያገኝ ከሰላምታ በፊት የትከሻውን ስፋት በዓይኑ ይለካል። መቀሱን ከሰቀለ በኋላ ሱቁ የባለካባ ፍየል አርቢዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ እሱም፣ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል፣ ሊቀ መንበር ሆነ። ባለካባ ከአባቱ የወረሰው የፍየል ዘር ነው። ፀጉሩ ከጀርባው ወርዶ፣ ሆዱን አልፎ፣ ልክ ሰው ካባ እንደደረበ ይዘናፈላል። በዓለም ላይ የቀረው በዚያች ከተማ ዳርቻ፣ በማኅበሩ አባላት ጓሮ ያለው ብቻ ነበር። ይህንን ጋሽ ሜትር ለሚያውቀውም ለማያውቀውም፣ ቲኬት ለሚቆርጥለት የአውቶቡስ ሠራተኛም ጭምር አፉን ሞልቶ ይናገራል።

የማኅበሩ ዓይን ንግሥት ነበረች። ንግሥት የጋሽ ሜትር ፍየል ናት፤ አውደ ርዕይ ላይ አንደኛ ወጥታ ፎቶዋ ድሮ የሙሽራ ቀሚስ ይሰቀልበት የነበረው መስኮት ላይ ተሰቅሏል። የዘሩን መመዘኛ እንዲጽፍ ሲጠየቅ ጋሽ ሜትር ሩቅ አልሄደም፤ ንግሥትን ፊቱ አቁሞ፣ ለደንበኛ ሱሪ ልክ እንደሚወስድ፣ ያየውን ሁሉ ጻፈ። የፊት ጉልበቷ ወፍራም ስለነበር "ጉልበቱ ወፍራምና ሰፊ" አለ። ጡቷ ጠጠር ያለ ስለነበር "ጡቱ የማይላላ፣ ጠንካራ" አለ። ስትበላ ደግሞ ሁለቱን የፊት እግሮቿን አጥፋ ትንበረከክ ነበር። እዚህ ላይ ስሜቱ ገነፈለና "ባለካባ ትሑት ፍየል ነው፤ መኖውንም ባለቤቱንም ተንበርክኮ ይቀበላል" ብሎ ጻፈ። ይህችን አንቀጽ በጉባኤ ሲያነብ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ አባላቱም እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ከመሃላቸው ብድግ ብሎ፣ ለመሆኑ ፍየል ምን አስጨንቋት ነው የምትንበረከከው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። መመዘኛው በመስታወት ታሽጎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ መልክ ያዘ። በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ የሚቦርቅ፣ አጥር የሚዘል፣ ሰው የሚወጋ ፍየል ሁሉ "የተደባለቀ" ተብሎ ለሉካንዳ ተሸጠ። ጉልበቱ ያበጠው፣ የሚያነክሰው፣ የሚንበረከከው ቀረና ተዋለደ። በየጓሮው ትሕትና በዛ። ጎብኚ ሲመጣ መንጋው በሙሉ ድፍት ብሎ መኖ ሲበላ እየታየ፣ እንዲህ ዓይነት ጨዋ እንስሳ አይተን አናውቅም ይባል ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ንግሥት በወለደች ቁጥር የመጀመሪያ ወተቷ፣ ማለትም እንገሩ፣ በትንንሽ ጠርሙስ ተቀድቶ ለአባላቱ ይታደላል፤ እነሱም ለየራሳቸው ግልገል ያጠጡታል። ጋሽ ሜትር "የንግሥት ስጦታ" ይለው ነበር። ያን ቀን አባላቱ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሚስቶቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ። ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ ጋሽ ሜትር ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይሰጣል፣ ተቀባዩም ጎንበስ ብሎ ይቀበላል። ጸሐፊው ጡረታ የወጣ የቢሮ ሰው ነው፤ ከሊቀ መንበሩ አፍ የወጣውን ሁሉ ሳይቀዘቅዝ የሚያጸድቅ።

ጠርሙሱ የተከለከለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለታናሽ እህቱ።

እህቱ ፀጉር ቤት አላት። የአባታቸው መንጋ ሲከፋፈል ለእሷ የደረሰቻት የንግሥት ታናሽ ነበረች፤ ካባዋ የሚያምር፣ እግሯ ግን ሸንበቆ የመሰለ። በመለኪያው ቀን ጋሽ ሜትር ለካት፣ ሜትሩን ጠቀለለ፣ አንገቱ ላይ መለሰ። እህቱ እንደሌላው አንገቷን ደፍታ አልወጣችም። አባባ ይህችን ፍየል በእጁ አዋልዷል፣ አንተም አጠገቡ ቆመህ ነበር አለችው። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ መመዘኛው ዘመድ አያውቅም አላትና የሚቀጥለውን ጠራ። የዚያን ዓመት ጠርሙስ ሲታደል ስሟ ተዘለለ። እሷም ሱቋን ዘግታ፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለእንገሩ አልነበረም፤ ወንድሟ በሰው ፊት እንደ ባዳ ስላያት ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲገናኙ እሱ የሱቅ መስኮት ያያል፣ እሷ ሰማይ ታያለች።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ አውደ ርዕዩ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ወደ አዳራሹ የሚገባ እንስሳ ሁሉ ደሙ ይመርመር ተባለ። አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ቦቲ ጫማዋን ተጫምታ፣ ሳጥኗን ይዛ መጣችና ጓሮ ለጓሮ እየዞረች ደም ቀዳች። የእህቱ ጓሮ ስትደርስ ጋሽ ሜትር ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ እነዚያ ባለካባ እንዳልሆኑ አስታወቃት። ሐኪሟ ደም እስካላቸው ድረስ ለእሷ በቂ መሆኑን ነግራው ገባች።

ውጤቱን ይዛ የመጣች ቀን ጋሽ ሜትርና ጸሐፊው ሱቅ ውስጥ ለአውደ ርዕዩ የሚሆን ሪባን እየመረጡ ነበር። ሐኪሟ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ የማኅበሩ ፍየሎች ሁሉም ላይ ቫይረስ ተገኝቷል" አለችው። "ሰው አይዝም፣ አይስጉ። ፍየልን ግን በዓመታት፣ ቀስ እያለ ነው የሚጨርሰው። በዋናነት ከእናት ወደ ልጅ በእንገርና በወተት ይተላለፋል። መድኃኒትም ክትባትም የለውም። ነጻ ሆነው የተገኙት የእህትዎ ፍየሎች ብቻ ናቸው።"

ጋሽ ሜትር ሳቀ። ከዚህ በላይ የሚያምር መንጋ የት አይተሽ ታውቂያለሽ ሲል ጠየቃት። ቀጥሎም፣ እንደው ለነገሩ ያህል፣ የበሽታው ምልክት ምን እንደሆነ እንድትነግረው ጋበዛት።

ሐኪሟ መልስ ከመስጠቷ በፊት ግድግዳውን ቀና ብላ አየች። "እዚያ ጽፈውታል" አለች።

ከዚያም በመስታወት የታሸገውን መመዘኛ ከላይ ወደ ታች፣ በየተራ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው አነበበችለት። ጉልበቱ ወፍራም የሆነው መገጣጠሚያው ስላበጠ ነው። ጡቱ ጠንካራ የሆነው ሥጋው ተቆጥቶ ስለጠጠረ ነው። የመጨረሻዋ አንቀጽ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ይሄ ትሕትና አይደለም፣ ጋሼ። ቆማ መብላት ስለሚያማት ነው።"

ንግሥት በግልገልነቷ የሌላ ፍየል ወተት ቀምሳ እንደሆነም ጠየቀችው። ጋሽ ሜትር ክው አለ። ቶሎ እንድትፋፋለት ብሎ ከጎረቤት የውጭ ዘር የወተት ፍየል እያሳለበ ያጠጣት ራሱ ነበር፤ በኋላ የማንንም ፍየል ንጽሕና ሲመረምር ይቺን ጉዳይ አስታውሷት አያውቅም።

ቀድሞ ከድንጋጤው የነቃው ጸሐፊው ነው። "ክቡር ሊቀ መንበር" አለ ብዕሩን እያዘጋጀ፣ "መመዘኛውን ከምንለውጥ ቫይረሱን አንድ አንቀጽ አድርገን ብናስገባውስ? ሁሉም ላይ ካለ የዘሩ መለያ ነው ማለት ነው። ቫይረስ የሌለበት ባለካባ ተቀባይነት የለውም ብለን እናጽድቀው።"

እውነቱን ለመናገር፣ ጋሽ ሜትር መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ አሰበበት። ይህን ማሰቡ ኋላ ላይ ከምንም በላይ አሳፍሮታል።

ወሬው በከተማዋ ለመዞር ጊዜ አልወሰደበትም። መሥራች አባል ነን ሲሉ የኖሩት ሁሉ "እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" ባዮች ሆኑ። በየስብሰባው እጁ እስኪቀላ ሲያጨበጭብ የነበረው ጫማ ሻጭ፣ ለነገሩ እኔ ፍየል አልወድም አለ። አንዱ ፍየሎቹን በጅምላ ሸጠ፣ ሌላው የማኅበሩን ሰሌዳ ከበሩ ላይ ነቅሎ የዶሮ ቤት በር ሠራበት። ጸሐፊው ደግሞ ሹክክ ብሎ የዘር መዝጋቢው መሥሪያ ቤት አማካሪ ሆኖ ተቀጠረ።

ጋሽ ሜትር ብቻውን ጉረኖው ውስጥ ገባ። ንግሥት እንዳየችው እንደ ወትሮዋ ሁለት ጉልበቷን አጥፋ ተንበረከከች። ይህንን ሰላምታ ነው ብሎ ስንት ጊዜ ጎብኚ ጠርቶ አሳይቶበታል። እሱ ከበርጩማ ሲነሳ ጉልበቱ ምን እንደሚለው ያውቃል፤ ጠዋት ጠዋት ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይዞ የሚያቃስት ሰው ነው። እሷም እንደዚያው እያመማት፣ እሱ ሲያስጨበጭብላት ኖሯል። ሆዷን ሲዳብስ የያዘችው ግልገል ከውስጥ ገፋው፤ መውለጃዋ ደርሶ ነበር።

ሐኪሟን ጠርቶ ምን ይሻላል አላት። አንድ መንገድ አለ አለችው። ግልገሉ እንደተወለደ፣ እናቱ ሳትልሰው፣ ጠብታ ሳይጠባ ይነሳና ነጻ የሆነች ፍየል እንገር ይጠጣ፤ ዕድለኛ ከሆነ ይተርፋል። ያ ካልሆነ የንግሥት የዘር ሐረግ በእርስዎ ዘመን አለቀ ማለት ነው። እሷ ስትናገር ጋሽ ሜትር ነጻ እንገር ማን ቤት እንዳለ ገባው። የእህቱ ፍየል ሰሞኑን መውለዷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ፀጉር ቤቱ ሲገባ ሦስት ሴቶች ወረፋ ይዘዋል፤ አንዷ ቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ውስጥ ገብታለች። እህቱ የአንዷን ፀጉር እያጠበች ነበር። በመስታወቱ ውስጥ አየችው፤ እጇ ግን አላቆመም። ወረፋ ያዝ አለችው። ያዘ። በፋሽን መጽሔቶች መካከል፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ሴቶቹም የፍየሎቹ ጌታ ፀጉሩን ሊሠራ መጣ እያሉ በዓይን ተጠቃቀሱበት። ያለችውን ጥቂት ፀጉር አየት እያደረጉ ሳቃቸውን ያዙ። እህቱ አጠበች፣ አደረቀች፣ ቢጎዲኑን አንድ በአንድ ፈታች። ምድር ጠበበችው፤ ሆኖም ወጥቶ አልሄደም።

ተራው ሲደርስ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና ፎጣ አንገቱ ላይ አሰረችለት፤ በእርግጥ ልትቆርጠው ይሁን ልታንቀው አላወቀም። የመጣበትን ነገር መሬት መሬት እያየ ነገራት። ቫይረሱን፣ ግልገሉን፣ እንገሩን። ይቅርታ መጠየቁ ብቻ ቀረ፤ እሱን ትቶ የፎጣውን ጫፍ ያጣጥፍ ጀመር።

እህቱም ከመስታወቱ ውስጥ አየችው። "ያኔ ያን ጠርሙስ ብትሰጠኝ ኖሮ የእኔም ፍየሎች ይያዙ ነበር ማለት ነው?" አለች።

"አዎ።"

"ስለጠላኸኝ ተረፍን እንግዲህ።"

"አልጠላሁሽም" አለ። "ለካሁሽ እንጂ።"

ፎጣውን ከአንገቱ ላይ ፈታችለት። ማበጠሪያዎቿን አንድ በአንድ አጥባ ደረደረች። ከዚያ "ጠርሙስ ይዘሃል?" አለችው። አልያዘም ነበር። የሻምፑ ዕቃ አጥባ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቃ ሰጠችው። ግልገሉ የሚያድገው ግን የእሷ ጓሮ እንደሆነ፣ ጋሽ ሜትርም ሜትሩን ይዞ ከበሯ እንዳያልፍ ነገረችው።

ንግሥት በጠራራ ፀሐይ መንታ ወለደች፤ ወንድና ሴት። ሐኪሟ እናቲቱ አንገቷን ሳትመልስ አነሳቻቸውና በፎጣ ጠቀለለቻቸው። ንግሥት የጮኸችው ጩኸት ከጋሽ ሜትር ጆሮ እስከ ዛሬ አልወጣም። ግልገሎቹ የእህቱ ፍየል እንገር ከሻምፑ ዕቃው ጠጡ፤ አደጉ፤ ደማቸው ተደጋግሞ ተመረመረና ቫይረስ አልተገኘም። ካባቸው መሬት ሊነካ ደረሰ። እግራቸው ቀጭን ነው። አጥር ይዘላሉ፣ የደንበኛ ቦርሳ ይበላሉ፣ ሐኪሟን ሁለት ጊዜ ወግተዋታል። ጋሽ ሜትር ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሲያያቸው ልቡ ይሞላ ነበር።

አውደ ርዕዩ ደረሰ። በዚያ ዓመት ቢያንስ አንድ መመዘኛውን ያለፈ ፍየል ካልቀረበ ባለካባ ከዘሮች መዝገብ እንደሚሰረዝ ተነግሯል። ወንድምና እህት መንታዎቹን ይዘው አዳራሹ ገቡ። መዝጋቢው ከረባት ያሰረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ከጎኑ አማካሪው፣ ማለትም የቀድሞው ጸሐፊ፣ መመዘኛውን ይዞ ተቀምጧል። የደም ውጤቱ ታየና ጥሩ ነው ተባለ። ጉልበታቸው ተለካና ዝምታ ሆነ። ከዚያ መኖ ቀረበላቸው። ሁለቱም ቆመው በሉ።

"አይንበረከኩም" አለ መዝጋቢው እያዘነ። "መመዘኛውን አያሟሉም።" አማካሪውም አንገቱን ነቀነቀ። ጤነኞቹ ቀጭን ሆኑ፤ ወፍራሞቹ ደግሞ በቫይረሱ ምክንያት መግባት አይችሉም። ስለዚህ የባለካባ ፍየል ዘር ከዛሬ ጀምሮ እንደጠፋ ተመዝግቧል ብሎ አወጀ። ለዚሁ አስቀድሞ የተዘጋጀ የአበባ ጉንጉን ከመድረክ ጀርባ ወጣ። መሥራቹ በሕይወት ስላሉ ጥቂት የስንብት ቃል እንዲያሰሙ ተጋበዙ።

ጋሽ ሜትር ወደ መድረኩ ወጣ። አማካሪው በቃሉ የሚያውቀውን ያንን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይጠብቅ ነበር፤ የወጣው ግን የልብስ ሰፊ ድምፅ ነው።

"ትሕትና ብዬ የጻፍኩት ሕመም ነበር" አለ። "እኔ የበሽተኛ ልክ ወሰድኩና ለጤነኛ ሁሉ ሰፋሁ። አልሆን ያለውን አሳረድኩ። ዘሩ አልጠፋም፤ ያውና፣ ፊታችሁ ቆሞ ይበላል። የተሳሳተው ልኩ ነው።"

መዝጋቢው ንግግሩ ልብ የሚነካ መሆኑን መሰከረ። ሆኖም፣ አለ፣ መመዘኛ የሚለወጠው የዘሩ አርቢዎች ማኅበር በጽሑፍ ሲጠይቅ ነው፤ ዘሩ ደግሞ አሁን ስለጠፋ ማኅበር ሊኖረው አይችልም። ቀጥሎም ለጠፋው ዘር የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እንዲደረግ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አንገቱን ደፋ። በዚያ ጸጥታ መሃል የጠፋው ዘር ጮኸ። ተባዕቱ ገመዱን በጥሶ ጠረጴዛው ላይ ዘለለና የአበባ ጉንጉኑን ከነጥቁር ሪባኑ ይበላ ጀመር። አንድም ሰው ቀና አላለም፤ ደቂቃው ገና አላለቀም ነበርና።

ጋሽ ሜትር ተባዕቱን ከጠረጴዛው አወረደው። ሌላ ገመድ ስላልነበረ ቢጫ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ አሰረው። እህቱ ክንዱን ይዛ ደረጃውን አወረደችው።

"ጠፍተናል በለኛ" አለችው መንገድ ላይ።

"ጠፍተናል" አለ፤ ፍየሉም የሜትሩን ጫፍ እያኘከ ይጎትተው ነበር።

ቤቱ ሲደርሱ እህቱ መንታዎቹን ይዛ ከአጥሩ ውጭ ቀረች፤ ቫይረሱ ስላለ ወደ እናታቸው መግባት አይችሉም። ንግሥት ድምፃቸውን ሰምታ ልትነሳ ሞከረች፣ አቃታትና እንደገና በጉልበቷ ተደፋች። ጋሽ ሜትር ገብቶ በታመመ ጉልበቱ አጠገቧ ተንበረከከ። አንገቷን ዘርግታ ከመሬት እንዳትለቅም ሣሩን በእጁ አፏ ድረስ አነሳላት። ስታኝክ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። ግንባሩን አንገቷ ላይ አስደግፎ፣ ማንንም ሳያይ፣ "ይቅር በይኝ" አለ።

ከአጥሩ ማዶ እህቱ "እሺ" አለችው።